በቅቤ የተደፈነ እርግብግቢት

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ዳባት የሚኖር የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እናቱ አርፈውበት ለቅሶ ልደርስ ከደባርቅ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ነበር የፈለግሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጉልበቴ እንደ ልብ አይታጠፍልኝም። ወንበሩን ቀድሞኝ የያዘው ሰው ቢሆን ባልከፋኝ፤ የአንድ ነጋዴ የድንች ጆንያ ነበር። ረዳቱን ተቆጥቼ፣ ለሾፌሩም አቤት ብዬ፣ የሚሰማኝ ስላጣሁ እያጉረመረምኩ ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ይህን የማነሣው ለድንቹ ቂም ይዤ አይደለም። ጆንያው ባይቀድመኝ ኖሮ ከወይዘሮ በለጠች ጎን አልቀመጥም፣ ይህንንም ታሪክ አልጽፍም ነበር።

በግራዬ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጠላቸው የጸዳ ሴት ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋል። በቀኜ ደግሞ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት አለ። ሚኒባሷ ሰው እስኪሞላላት ስንጠብቅ ረዳቱ ይጮኻል፣ በሩ ይንጓጓል፣ ሕፃኑ ግን ድምፁን አላሰማም። እኔም ለወሬ ያህል ምነኛ ጨዋ ልጅ ነው አልኳቸው።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው እንዲህ ጨዋ የሆነው፤ እስከዚያማ ሲያለቅስ ጎረቤት አላስተኛም» አሉኝ።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ ወደ ሕፃኑ ተመለከተ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የወይዘሮ በለጠች ሆድ ግን ብቅል አላስፈለገውም፤ ሚኒባሷ ከከተማው ሳትወጣ ስማቸውንም፣ አገራቸውንም፣ የሚቀኑበትንም ሰው አወቅሁ። ሕፃኑ ቴዎፍሎስ የልጃቸው የሐብታሙ ልጅ ነው። ሐብታሙ አዲ አርቃይ በመንገድ ሥራ ላይ ስለሚውል ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ሚስቱ እሌኒ ደባርቅ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ልጁን የሚይዝላት ስላጣች፣ ወይዘሮ በለጠች ከዳባት በላይ ካለው አገራቸው ላምና ጓሯቸውን ለጎረቤት ትተው መጡ። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ትልቅ ውለታ ነበር፤ ውለታም ነው። የሚቀኑባቸው ሰው ደግሞ የእሌኒ እናት፣ የአምባ ጊዮርጊሷ እህል ነጋዴ ወይዘሮ አገርነሽ ናቸው።

«ወርቅ ታደርጋለች። ልጅ ማሳደግ ከእኔ ወዲያ ላሳር ባይ ናት» አሉ። «ልጁን ክርስትና ያስነሣን ዕለት መጥታ ከእጄ ላይ ወሰደችው። እሱም ሳቀላት። ጌታው፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፤ አፉን ከፍቶ ሳቀላት። ለእኔ ይኸው እስከ ዛሬ እንዲያ ስቆልኝ አያውቅም።»

የአርባ ቀን ሕፃን ሳቅ አንዳንዴ የሆድ ነፋስ እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት። ሰው በመሬት ይቀናል፣ በሥልጣን ይቀናል፤ በጨቅላ ፈገግታ እንዲህ የተንገበገበ ሰው ግን ከዚያ በፊት አላየሁም።  አስቆኝም አሳዝኖኝም ነበር።

ወጣቱ ግን ወደ እሳቸው ዞረ። በትሕትና አጎንብሶ፣ ሕፃኑን ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። ወይዘሮ በለጠችም ሳይደብቁ ነገሩት። ልጁ እንጥሉ ወርዶ መዋጥ ስላቃተው፣ ከዳባት ወደ ላይ ባለች ቀበሌ እንጥል የሚቆርጡ ሰው ዘንድ ሊያስቆርጡት ነው። የራሳቸውንም ልጆች እንጥል የቆረጡት እኒሁ ሰው ናቸው። ማታ እናቱ ከጎንደር ስትመለስ ድኖ ታገኘዋለች።

«እማማ፣ ስሜ ደርቤ ይባላል። ዳባት ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ቢፈቅዱልኝ ልጁን ልየው» አለ።

ወይዘሮ በለጠች ጋቢውን ወደ ሕፃኑ ፊት ሳብ አደረጉ። «ዓይንህን ክፉ ነው አላልኩም፤ ግን ሰው በተሰበሰበበት ልጅ አይገለጥም። ወልደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አጥብተህስ?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ደርቤም አብሮ ሳቀና፣ አለማጥባቱን አምኖ፣ ሳያዩት ሁለት ሦስት ነገር ብቻ እንዲነግሩት ለመናቸው። የዛሬ ልጅ ሲሳቅበት ይቆጣል፤ ይህ አለመቆጣቱን ወደድኩለት። በልቤ ግን ትንሽ ቅር አለኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ነኝና አጠገቤ ሌላ ሰው ሲያስተምር ስሰማ እጄን ይበላኛል። የወይዘሮ በለጠች ቅናት ሳይጋባብኝ አልቀረም።

ደርቤ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሽንቱ ነው። ሴትዮዋ ትናንት ከቀትር በኋላ ጨርቁ ደረቅ እንደሆነ፣ ዛሬ ጠዋትም ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ከአጠባ አሳረፈኝ ብለው ደስ እንዳላቸው ነገሩት። ሲያለቅስ እንባ ነበረው ወይ አላቸው። ካስተዋሉ እንባ አልነበረውም። ሆዱስ? ትናንት ጠዋት እንደ ውኃ ሲያስቀምጠው ውሏል፤ ከትናንት በስቲያ ማታ ሆዱን ያለሰልስለታል ብለው የአብሽ ውኃ በስኳር አልሰውት ነበር። ደርቤ ድምፁን ሳያነሣ ሰማቸው። እኔ ግን መሳቄን ትቼ ነበር።

«ልጁ ጨዋ አልሆነም፣ እማማ» አለ በመጨረሻ። «አቅም አጥቷል። በሰውነቱ ያለው ውኃ እያለቀ ነው። ስንት ወሩ ነው?»

«አራተኛውን ይዟል።»

«የአራት ወር ልጅ ከእናቱ ጡት ወተት በቀር ውኃም አብሽም አያስፈልገውም። አሁን ደግሞ እንጥሉ ቢቆረጥ ደም ይፈስሰዋል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ጨርሶ መዋጥ ያቅተዋል። ውኃ ያነሰው ልጅ ላይ ደም ሲጨመርበት ያየሁትን እዚህ ልነግርዎ አልፈልግም።»

ወይዘሮ በለጠች አልተረቱም። እሳቸው ስድስት ወልደው አራት ማሳደጋቸውን፣ አራቱም እንጥላቸውን ተቆርጠው ማደጋቸውን ተናገሩ። ስለቀሩት ሁለቱ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አላነሱም። የዛሬ ልጆች ደብተር ይዘው ስለወጡ ብቻ ሽማግሌ የሚያውቀውን ይንቃሉ አሉ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ቄስ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው። ክርክሩ ወደ እሳቸው ያጋደለ መስሎ ነበር።

ደርቤ ጥቂት አሰበና ጠየቀ። «ልጁ የእናቱን ጡት ይጠባል?»

«እንዴታ። እሷ ካለችማ እንደ ጥጃ ነው የሚጠባት። ቀትር ላይ ከሥራ ስትመጣ ገና ድምጿን ሲሰማ ይፈራገጣል።»

«ይውጣል?»

«ይውጣል እንጂ።»

«እንጥሉ የወረደ ልጅ የእናቱን ጡት እንዴት ዋጠው?»

ይህን ጥያቄ እኔ ብጠይቀው ምናለ አልኩ በልቤ። ቄሱ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ። ወይዘሮ በለጠች መስኮቱን አዩ፤ ከመስኮቱ ውጭ የታጨደ የገብስ ማሳ ብቻ ነው ያለው።

«ጡት ሌላ ነው» አሉ።

«ለምን ሌላ ይሆናል?»

«ጠረኗን ያውቃላ! ከእሷ በቀር ሰው አይወድም። ጡጦውን ይዤ ሳባብለው እየገፋኝ፣ ፊቱን እያዞረብኝ፣ እየጮኸብኝ... ምን አድርጌው ነው? እንደ ባዕድ ነው የሚያየኝ። እሷ ስትነካው ዝም፣ የእሷ እናት ስትነካው ሳቅ። ለእኔ ጊዜ ጩኸት።»

እንግዲህ እውነቱ ወጣ። የእንጥሉ ነገር ከልብ የታመነ ነገር ነው፣ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ወይዘሮ በለጠች ያንን እምነት አጥብቀው የያዙት ሌላውን ምክንያት ማሰብ ስለመረራቸው ነው። እንጥሉ ከወረደ ልጁ ታሟል፤ እንጥሉ ካልወረደ ግን እሳቸውን ጠልቷል። ሴት አያት ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጥ መገመት አያዳግትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ልጠቅስባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበርና መለስኩት።

ደርቤም የገባው ይመስለኛል፤ ድምፁ ተለወጠ።

«እማማ፣ ይህ ልጅ የገፋው ጎማውን ነው። እርስዎን አይደለም። ጡት ለምዶ ያደገ ልጅ የጡጦ ጎማ አፉ ሲገባ እንግዳ ነገር ይሆንበታል፤ አጠባቡም ሌላ ነው። ብዙ ሕፃናት እንዲህ ያደርጋሉ። የጡጦው ባለቤት የአምባ ጊዮርጊሷ አያት ቢሆኑ ኖሮም ይገፋቸው ነበር።»

«እሷንም?»

«እሳቸውንም።»

ወይዘሮ በለጠች ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። እኔ ባስረዳ ኖሮ ስለ ውኃና ስለ ጨው፣ ስለ ደም ዝውውር እናገር ነበር፤ ሁሉም ትክክል ሆኖ አንዱም እዚያች ሴት ጆሮ አይገባም ነበር። ወጣቱ የቁስሉን ቦታ አግኝቶ ነካው። ጋቢውን ራሳቸው ገለጡ።

የሕፃኑ ዓይኖች ገብተዋል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ራሱ ላይ የክር ኮፍያ አለ። ደርቤ እጁን ሳይዘረጋ ኮፍያውን እንዲያወልቁለት ጠየቃቸው። ሲያወልቁት እርግብግቢቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቅቤ ተለብዷል። ይህ የአገራችን ልማድ ነው፤ የሕፃን እርግብግቢት ብርድ እንዳይገባው፣ ቶሎ እንዲጠና እየተባለ በቅቤ ይደፈናል። እናቴም አድርጋልኛለች፤ ልጆቼም ተደርጎላቸዋል። ወይዘሮ በለጠች ትናንት ሰርጎድ ያለ ስለመሰላቸው ጨመር አድርገው ነበር፤ ዛሬም ማለዳ ደግመዋል።

«ቅቤውን በጣትዎ ይጥረጉትና ከሥሩ ያለውን ይዳስሱት» አለ ደርቤ።

«ተሞልቷል እኮ። ትናንት ነበር ጎድጎድ ያለው፤ አሁን ደልደል ብሏል።»

«ይዳስሱት።»

ጠረጉት። ጣታቸው ገባ። ጉድጓዱ እንደ ሲኒ ማስቀመጫ ሰርጉዶ ነበር። ወይዘሮ በለጠች ጣታቸውን ሳያነሡ ቆዩና፣ «እኔ እኮ የሞላ መስሎኝ» አሉ።

«የሞላው ቅቤው ነው፣ እማማ። ልጁ ውኃ ሲያንሰው እርግብግቢቱ ይሰረጉዳል። እግዚአብሔር እንድናይበት የከፈተውን መስኮት ነው የደፈንነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ በሽታውን በገዛ እጁ በቅቤ የለሰነ ግን ያን ዕለት ነው ያየሁት። መልካም አስባ ባጠፋች ሴት መፍረድ ደግሞ ቀላል አይደለም።  ሾፌሩ ሳይነገረው ፍጥነት ጨመረ።

ከዚያ ወይዘሮ በለጠች የደበቁትን ሁሉ ተናገሩ። ለኑዛዜ የሚመቹ ቄስ ከፊት ተቀምጠው ሳለ የተናገሩት ለደርቤ ነው። ልጁ ጡጦውን አንድም ቀን ጠጥቶ አያውቅም። እሌኒ ጠዋት ጠዋት ከጡቷ አልባ የምታስቀምጠውን ወተት ወይዘሮ በለጠች ጓሮ ይደፉት ነበር፤ እሷ ስትመጣ «ጥርግ አድርጎ ጠጣ» ይሏታል። ምክንያቱም እሌኒ በመጀመሪያው ቀን «ካልጠጣልዎ እናቴን ልጥራ» ብላ ነበር። ልጁም እናቱ ቀትር ላይና ሌሊት ስለምታጠባው እስካሁን ቆየ። አሁን ግን እሌኒ ጎንደር ላይ የሦስት ቀን ስልጠና ገጠማት። ልጁን ይዛው ሄዳ እናቷ እንዲይዙላትና በየዕረፍቱ እንድታጠባው አስባ ነበር። ወይዘሮ በለጠች «ከእጄ እየጠጣ ምን አንከራተተው?» ብለው አስቀሯት። እሷም አምናቸው ከትናንት በስቲያ ብቻዋን ሄደች።

«ዛሬ ጠዋት ደውላ ከሆነ ምን አሏት?» አለ ደርቤ።

«ጠጥቶ ተኛ አልኳት።»

ስልኩን አውጥቶ ቁጥሯን እንዲሰጡት ጠየቀ። ወይዘሮ በለጠች ልጁን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ «ከዛሬ ወዲያ ልጁን ታምነኛለች?» አሉት።

«እሱን አላውቅም። ልጁ ግን ወተቷ ያስፈልገዋል።»

ቁጥሩን ሰጡት። ሲጠራ ስልኩን ከእጁ ወሰዱና ራሳቸው ተናገሩ። «እሌኒ፣ ልጁ አልጠጣም። አንድም ቀን አልጠጣም። ዋሽቼሽ ነው። ዳባት ጤና ጣቢያ ይዤው እየሄድኩ ነው፤ ነይ» አሉ።  ስልኩን ሲመልሱ ማዶ የሚሰማው የእሌኒ ድምፅ ገና አላቋረጠም ነበር።

ሾፌሩ መናኸሪያውን አልፎ እስከ ጤና ጣቢያው በር አደረሰን። ድንቹም አብሮን ሄደ። ለቅሶው ለከሰዓት ይቆየኝ ብዬ እኔም ወረድኩ፤ አንደኛ ስላሳሰበኝ፣ ሁለተኛ ጨርሼ ሳላይ መሄድ ስለማልወድ ነው። ደርቤና አንዲት ነርስ ሕፃኑን ተቀብለው ገቡ። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቶሎ አልተመለሰም። በማንኪያ ያቀረቡለትን መዋጥ አቃተውና ግሉኮስ ሊሰቅሉለት ደም ሥሩን መፈለግ ጀመሩ። ደም ሥሩ ቀጥኖ ቶሎ አልተገኘም። ልጁ ሲወጋ እንኳ የሚያለቅስበት ኃይል አልነበረውም።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ወይዘሮ በለጠች የልጁን ኮፍያ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ጌታው፣ አገርነሽም አብራ ትመጣ ይሆን?»

ተናደድኩ። ልጁ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ይህን ያስባሉ ብዬ፣ «ብትመጣስ?» አልኳቸው፤ ድምፄ የክፍል ውስጥ ድምፅ ሆኖብኝ ነበር።

«ትምጣ» አሉ። «ትምጣና ስድቧን ልጠጣው። ብቻ እሱ ይትረፍልኝ እንጂ ከዛሬ ጀምሮ ለእሷ ብቻ ይሳቅ።»

ተቆጥቼ የተናገርኩት አሳፈረኝ። ቅናት እንዲህ ያለ እንግዳ ነው፤ ሰው ልቡ በፍርሃት ሲሞላ እንኳ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። ከውስጥ ደም ሥሩ መገኘቱን ነርሷ ስትነግረን ወይዘሮ በለጠች መሬት ስመው አማተቡ።

ቀትር አለፍ ሲል እሌኒ ደረሰች፤ ከአምባ ጊዮርጊስ እናቷን አሳፍራ ነበር። ወይዘሮ አገርነሽ እንደተባሉት ወርቅ አድርገዋል፤ ነጠላቸው ግን በጥድፊያ የተገለበጠ ነው። እሌኒ አማቷን አልፋ ገባች። ግሉኮሱ ከገባለት ወዲህ ልጁ ዓይኑን መግለጥ ጀምሮ ነበር። ጡቷን ስትሰጠው መጀመሪያ ደከመው፤ ቆይቶ ያዘ። ሲውጥ የሚሰማውን ድምፅ ከበሩ ሆነን ሰማነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጨርቁን አራሰ። በሽንት እንዲህ የተደሰተ ቤት በሕይወቴ አላየሁም።

ወይዘሮ በለጠች በሩ ላይ እንደቆሙ ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ በድጋሚ ተናገሩ፤ የተደፋውን ወተት፣ አብሹን፣ እንጥል ቆራጩን፣ ቅቤውን። ለምን እንዳደረጉትም አልሸሸጉም። እሌኒ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «አልጠጣም ብለውኝ ቢሆን እኮ አልቆጣም ነበር» አለች።  ሁላችንም ወይዘሮ አገርነሽ የሚሉትን ጠበቅን። እሳቸው ቁጡ ናቸው፣ ፊታቸውም ቀልቷል።

«ቅቤውን እኔም አደርግለት ነበር» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ለእሌኒም አድርጌያለሁ። እንጥሏንም አስቆርጫታለሁ፤ ደም አልቆም ብሎ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። በማን እፈርዳለሁ?»

ወይዘሮ በለጠች ለስድብ ተዘጋጅተው ቆመው ሳለ የሰሙት ይህን ነው። ሐቁን ለመናገር የተሰደቡ ያህል ነው የከበዳቸው፤ ባላንጣ ደግ ሲሆን መቅናት እንኳ አይመችም።

ደርቤ ልጁ እስኪበረታ ጤና ጣቢያው እንደሚቆይ ከነገራቸው በኋላ ሦስቱን ሴቶች አስቀምጦ ያስተማራቸውን፣ ሌላ ቤትም ይጠቅማልና እጽፈዋለሁ። ጡጦ እንቢ ያለ ልጅ በጡጦ አይታገሉትም። የእናቱ ወተት በንጹሕ ዕቃ ታልቦ፣ ተከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥና በትንሽ ሲኒ ይሰጠዋል። ሲኒ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ የጡጦ ጎማ ግን ጀርም ሲሸሸግበት አይታይም። ልጁ ቀጥ ብሎ ይታቀፋል፤ ሲኒው የታችኛውን ከንፈሩን ብቻ ይነካል፤ ወተቱ አይጨመርበትም፣ እሱ በምላሱ እስኪልሰው ይጠበቃል። የሚሰጠውም ሳይርበውና ሳያለቅስ ነው፤ ተርቦ የሚጮኽ ልጅ አዲስ ነገር አይማርም። እናቱ አጠገቡ ከሆነች ጡቷን ስለሚፈልግ ሌላ ሰው ቢሰጠው ይሻላል። ሽንቱ ካነሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ካለወትሮው ከፈዘዘ፣ ያለ እንባ ካለቀሰ ሰዓት ሳይፈጅ ወደ ሐኪም ነው። እስከ ስድስት ወሩ አብሽም፣ ውኃም፣ የላም ወተትም ይቅርበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ አልበላም፣ አልጠጣም ሲባል ማፈር አያስፈልግም፤ የሚነገር ነገር መፍትሔ ያገኛል።

ይህን በማድረግ የሚገኘውን ጥቅም ወይዘሮ በለጠች ራሳቸው ነው የቆጠሩት። እናቲቱ ሥራዋን ሳትለቅ ልጇ ወተቷን ይጠጣል፤ ለዱቄት ወተት የሚወጣው ገንዘብ ቤት ይቀራል፤ ልጁም በአብሽና በምላጭ አይሠቃይም። ቀጥለውም፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለማኅበራቸው ሴቶች ስለ ቅቤው እንደሚነግሩ ተናገሩ። «የእኔን ሲሰሙ ያፍሩብኝ፤ ልጆቻቸው ከሚደርቁባቸው» አሉ። ደርቤ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እኔ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ማስተማሬ እንዲህ ያለ ተማሪ አግኝቼ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩና ቅናቴ ስለተቀሰቀሰ ተውኩት።

ከሰዓት ለቅሶዬን ደርሼ ተመለስኩ፤ ወደ ማታ ልጁ በርትቶ እጁን ማወናጨፍ ሲጀምር ነርሷ እሌኒ ያለበችውን ወተት በሲኒ አቀረበች። እሌኒ ልጇን አልጋው ላይ ትታ ጠረኗ እንዳይደርሰው በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር ወጣች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እናያለን። ደርቤ ከሁለቱ አያቶች አንዳቸው እንዲሰጡት ጠየቀ። ሲኒው የቀረበው ለወይዘሮ በለጠች ነበር፤ ደባርቅ ልጁን ቀን ቀን የሚይዙት እሳቸው ስለሆኑ መልመድ ያለባቸውም እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ በለጠች እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ወደ ነጠላቸው ሥር ከተቱት።

«ዛሬ እሳቸው ይስጡት» አሉ። ሲያሟቸው «እሷ» ነበሩ፤ ፊት ለፊት ግን «እሳቸው» ሆነዋል። «የእኔን እጅ ፈርቶታል። በጡጦ ሳስጨንቀው ነው የከረምኩት። መጀመሪያ ከእሳቸው ይልመድና ሲረሳልኝ እኔ እቀጥላለሁ።»

ወይዘሮ አገርነሽ ልጁን ቀጥ አድርገው አቀፉትና ሲኒውን ከንፈሩ ላይ አስነኩት። ልጁ ምላሱን አወጣ፤ መለሰ፤ ደግሞ አወጣ። ትንሽ ትንሽ ላሰና ወዲያው ቀና ብሎ እኚህን ሴት አያቸውና ሳቀ።

ወይዘሮ በለጠች አዩት። ፊታቸው ላይ ያለፈውን እኔም አየሁት፤ እሌኒም አየችው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ።

«ዋጠ?» አሉ።

«ዋጠ» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

«እንግዲያው ይጨምሩለት።»